የመርፌ ዕዳ

ጥር ላይ ነው፤ ሱ ፎልስ፣ ከበራችን ፊት ለፊት፣
በረዶው ከዳኝና ተሰበረ ቁርጭምጭሚት።
«ስድስት ሳምንት ቁጭ!» አለ ሐኪሙ።
ቁጭ ማለት የት አውቄ?
ሃያ ሁለት ዓመት ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ
ቆሜ ነው የኖርኩት፣ አንሶላ ሳጥፍ፣ ወገቤን ታጥቄ።

ውብሸት ምድር ቤት ወረደ፤ ሣጥኖቹን ይዞ ወጣ፣
አራት ሣጥን ሙሉ ቁራጭ፣ ከነአቧራው መጣ።
«ወይ ጨርሺው፣» አለኝ፣ «ወይ ይሂድ በቆሻሻ መኪና፤
ማክሰኞ ነው የሚመጣው፣ ዛሬ ዓርብ ነው ገና።»

ከፈትኩት።
ባለ አበባ፣ ባለ መስመር፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት፣
መርፌ ቁልፍ የነከሰው፣ ጠመኔ የዞረበት።
እናቴ ብታየው ኖሮ «ድሪቶ!» ነበር የምትለው፣
የመናኝ ልብስ፣ ያጣ የነጣ የሚደርበው።
እዚህ ለሙሽራ ይሰጣል፣ ለአራስም፣ ለታመመ ሰው።
ማርሊስ ናት ያስተማረችኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ከሉተራኖቹ ምድር ቤት፣ ጣቴን ይዛ፣ በቀስታ።

የመጀመሪያው የትርሲት የሠርጓ ነው፣ ሰማያዊና ቢጫ፤
እኔ በሁለት ክር መካከል ሳላደርግ ምርጫ
አገባች፣ ወለደች፣ ተፋታች።
ስደውልላት ሳቀች።
«የሁለት ሰው ልክ ነው፣» አልኳት፣ «አልጋ ከዳር ዳር ይሞላል።»
«አምጪው፣» አለች፣ «ሲታጠፍማ አንዷን እጥፍ ያሞቃል።»

ሁለተኛው የኢዮስያስ ነው፣ የእህቴ ልጅ፣ የጨቅላነቱ፤
ዳክዬ ሰልፍ ይዞ ይሄዳል በጥለቱ።
ልጁ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ጢሙ ብቅ ብቅ ብሏል።
ቢደርበው፣ ከጉልበቱ በታች እግሩ ውጭ ቀርቷል።
«አክስቴ፣» አለ፣ «ትንሽ ብትቆዪ ለልጄ ይደርስ ነበር።»
ስድብ ነው ወይስ ምርቃት? ምን እላለሁ ከማፈር!
የጠበበውን ማሊያ አመጣልኝ፣ ቁጥር አሥራ አንዱን፤
ተርትሬ ከግርጌው ቀጠልኩ አረንጓዴ ጨርቁን።
ዳክዬዎቹ አሁን ሜዳ ገብተዋል።
አንዷ ወደ ራሷ ጎል ዞራለች፤ ሳየው መሽቷል።

ሦስተኛውን ስዘረጋ መርፌ ወጋኝ።
ከነክሩ፣ ዝጎ፣ ማርሊስ እንደ ሰካችው፣
«ሐሙስ እንቀጥላለን» ብላ እንደ ተወችው።
የትኛው ሐሙስ እንደሆነ እሷም አታውቅ፣ እኔም።
ሆስፒታል ገባች። አንሶላዋን፣ ሳይሆን አይቀርም፣
እኔ ነኝ ያጠብኩት።
የእሷ ስፌት ጤፍ ነው፤ የእኔ ባቄላ ያህላል፤
እጇ ካቆመበት ላይ ማንም አይቶ ይለያል።
ተርትሬ አንድ ላድርገው ብዬ መቀስ አነሣሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።
የዝገቱን ምልክት በሎሚ ብፈትገው አልለቀቀም፤
ይኑር። ለልጇ ለካረን ላኩት፤ ስለ ዝገቱ አልነገርኳትም።

ሰው ሳልጠቅም ከረምኩ እያልኩ ስብሰለሰል ለዓመታት፣
ለካ ቁጭ ብሎ መጥቀምም አለ፣ በአንድ መርፌ፣ በሁለት ጣት።

አራተኛው ዘጠኝ ቁራጭ፣ ቡናማ ሱፍ፣ ሌላ የለው፤
ለማን እንደቆረጥኩት ጠፋኝ። ለጎረቤት? ለቄሱ? የማን ነው?
ስም ብጠራ፣ ስም ብጠራ፣
ውብሸት ከሶፋው ላይ ሆኖ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፣
«ኮቴ ነው፣» አለኝ።
«ላንተ ብርድ ልብስ ይወጣዋል ብለሽ ቆራረጥሽው።
አሥራ አንድ ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ነው የሚበርደኝ።»
«ታዲያ አትጠይቀኝም?»
«ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።»

ስድስተኛው ማክሰኞ፤ የቆሻሻው መኪና
እያጓራ መጣ፣ በራችን ላይ ቆመና
ባዶ ሣጥን ጭኖ ሄደ።
የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ብሎኛል። ውብሸት መነጽሩን አድርጎ
የክሩን ጫፍ በምራቁ አሾለ፣ መርፌውን ወደ መብራቱ ሰቅሎ።
ሳተ። ደግሞ ሳተ። «ገባ!» አለ።
አልገባም።
ዘጠኙን ቁራጭ ጉልበቴ ላይ እንደ ዘረጋሁ
እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ።