የአርዲቦ ፊላ

ጋዙ ሲፈነዳ ክንዴን የላጠኝ ቀን፣
ወንድሜ ደጋግፎኝ አርዲቦ ደረስን።
እመት ጦይባ ቆማ፣ ውሃው ከጉልበቷ፣
ፊላ ትመርጣለች፤ ዓይኗ ሆኗል ጣቷ።

«ይሄ ገና ልጅ ነው፤ ይሄን ዝናብ መታው፤
ይሄ ጥጡ ደርሷል፤ ለእሳት ይሄ ነው።»
ሳትቆርጥ አስቀድማ ለውሃው ነገረች፤
ቃሉን አልሰማሁም፤ አፏን ሸፍናለች።

ሥሩን ወቅጣ ወቅጣ እስኪልም እንደ ሊጥ፣
ክንዴ ላይ ለጠፈች፤ ላዩን የፊላ ጥጥ።

ፋርማሲ ሚማረው ወንድሜ ደብተሩን
ከፈተና አላት፦ «ይንገሩኝ መጠኑን።»

ሳቀች።

«ጻፍ እንግዲህ» አለች፤ «ውሃው ይቀዘቅዛል፤
አምና ደጄ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ርቋል፤
ሌላውን ዘሀራ ስሞት ትሰማለች።»
ልጇ ጀልባው ጥግ ላይ ስልኳን ትነካለች።

ሦስት ጁምዓ ሲያልፍ ክንዴ ቆዳ አወጣ።
ዋጋዋን ስወስድ፦ «ገንዘብ ምን ሊያመጣ?
ካርዲቦ ወስደሃል፤ ግባና ሥር ትከል፣
ሌላም ክንድ አለና ገና የሚቃጠል።»

ጫማዬን አውልቄ ሱሪዬን ሰቀልሁ፤
ውሃው ይቀዘቅዛል።
እውነቷን ነው አልሁ።