የማን እጅ ይለካ?

ከደንበጫ ገበያ፣ ከእህል ተራው ጀርባ፣
ከአያ ይርሳው ጓሮ፣ ጎንበስ ብዬ ስገባ፣
በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ታመመ ልጅ፣
ታቅፌ ነበረ ያባቴን ወዳጅ።
መምቻው ወጥቶለታል፣ ጥይት አይጎርስም፤
ግድግዳ ላይ ይውላል፣ ማንም ላይ አይደርስም።

ሰደፉ ደህና ነው፣ አፈሙዙም ደህና፤
እጀታው ብቻ ነው፣ ተሰንጥቋልና
ከብሎኑ ሥር እስከ ታች፣ እንደ ሐሩር ከንፈር፤
ስትጨብጠው ይቆነጥጣል፣ ቁራሽ ሥጋህን ሊያስቀር።

ምኒችል የሚባል፣ አሮጌ ብረት ሰብሳቢ፣
ከባሕር ዳር መጥቶ አየው፣ እንደ ውል አንባቢ፦
«አካሉ የጥንት ከሆነ፣ ዋጋው ሙሉ ነው» አለ፣
«እንጨቱ ከተለወጠ፣ ግማሹ ቀለለ።»
«በል እንግዲህ አያ ይርሳው፣ አደራ፣ አስመስለህ ሥራ፤
ማንም እንዳይለየው፣ የትናንቱን ከዛሬ ሥራ።»

አያ ይርሳው አልመለሰም። ቃል አያባክንም።
ከቆጡ ጉማጅ አውርዶ ደረደረ፤ አልቸኮለም።

«ይህ ወይራ ነው፤ እልኸኛ፣
ሞረድ ይበላል፣ ግን የዕድሜ ልክ ጓደኛ።
ክብደቱን እወቅ፤ ብረቱን ወደ ኋላ ይጎትታል።
ዋንዛው ቀላል ነው፣ መዳፍ ላይ ይሞቃል፤
ላብ ግን ይጠጣል፣ በሦስት ክረምት ይጠቁራል።
ይቺ ቀረሮ ናት፤ ከደብሩ ቅጥር የወደቀች፣
አልሸጣትም፤ ለማየት ብቻ ነች።
ጥዱን ተወው፤ ሽታው ነው የሚያምረው፣
ብሎን ሲነካው ነው የሚተረተረው።
ባሕር ዛፉንማ ስሙንም አታንሳው፣
ለማገር ይበቃል» አለኝ አያ ይርሳው።

ጣቴን በየፊታቸው አስኬድኩ። ደረሰኝ የሚጽፍ እጅ
እንጨት ሲያማርጥ ያፍራል፣ እንደ ቆመ በሰው ደጅ።
ወይራውን በቀኝ፣ ዋንዛውን በግራ ያዝኩ፤
የማላውቀውን ነገር፣ የማውቅ መስዬ መዘንኩ።

ያኔ ጠየቀኝ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ከሞረዱ፦
«የማንን እጅ ልለካ?
እጀታ ለዓይን አይሠራም፤ እጅ ነው ጉዱ።
ያንተን ነው? ትንሽ ናት። የገዢህን ነው? አላየሁት።
ያባትህን እንዳልል፣ አፈር አልብሼ የተለየሁት።»

ዝም አልኩ።
ውጪ ጤፍ ይሰፈራል፤ ሰፋሪው «አንድ፣ አንድ፣ አንድ» ይላል።

ብሎኑን ሊፈታ ጀመረ፤ አንዲት ረጅም ብሎን ናት፣
ዝገቷን በላምባ አርሶ፣ እያባበለ አወጣት።
እጀታው ለሁለት ተከፍሎ መዳፉ ላይ ወደቀ፤
አያ ይርሳው ሳቀ።
(በአርባ ዓመት ጉርብትና ሲስቅ አይቼው አላውቅም።)
«ና እየው! ይኸ የፋብሪካ አይደለም።
ዋንዛ ነው፣ የኛው ዋንዛ፣ በቢላ የተፈለፈለ፣
ቀዳዳው እንኳ በጋለ ሚስማር የተቃጠለ።
ጥቁረቱም ቀለም አይደል፤ ቅቤና የእጅ እድፍ ነው።
የጥንቱ የምትለው
እሱም ቅያሪ ነው።»

እጀታው ላይ አንድ ጎድጓዳ አለ፣ የአውራ ጣት ማረፊያ፤
ልጅ ሆኜ ጣቴን እከትበት ነበር፣ ለአባቴ መምሰያ።
አሁን አየሁት፤ ጎድጓዳው በቀኝ በኩል ነው።
የግራኝ ሰው ጣት ነው።
አባቴ ግራኝ አልነበረም።

ከቀዳዳው አጠገብ ደግሞ፣ በውስጥ በኩል፣ ሦስት ጭረት።
ሦስት። ልጆች ይሆኑ? ክረምት?
ያልተመለሰ ብድር?
«ሰው ብቻ እንዳይሆን» አለ አያ ይርሳው፣ ድምፁን ቀንሶ፣
ሞረዱን ጉልበቱ ላይ አብሶ።

«ዋንዛውን አድርገው» አልኩት። «የኔን እጅ ለካ።»
በሲባጎ ለካኝ፤ ሲባጎው አጭር ነው ለካ።
በከሰል ምልክት አደረገ። «ጎድጓዳውስ? ላውጣለት?»
«ተወው፣ ድፍን ይሁን። የሚይዘው ያውጣለት።»

ለምኒችል ደወልኩ፦ «የጥንቱ የለም፣ አልነበረም» አልኩት፤
ሌላ የሚለውን ሳልሰማ ዘጋሁት።

ሁለቱ ስንጣሪ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።
ተምጫ ድልድይ ላይ ስደርስ፣ ውኃው ደፍርሶ፣ ልጥላቸው አወጣሁ፤
አንዲት ሴትዮ ፍየል እየነዳች መጣች፣
«ምን ጠፋብህ?» አለች።
«ምንም» አልኳት፣ መልሼ ከተትኩ።
እስከ ቤቴ ድረስ ጣቴ በጭረቱ ላይ ይሄዳል፦
አንድ።
ሁለት።