መሪው ሲቀር

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባጃጄ ደረሰች፣
ሦስት ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ፓምፕ እንዳዘለች።
ኮዬ ፈጬ ገና ጭቃው አልጠገገም፤
እንጀራዬ እሱ ነው፣ ጭቃን አልራገምም።

«ግራጫ ኮሮላ፣ ወይዘሮ አስካለ፣
ውስጥና ውጭ፣ ሙሉ» ደብተሬ ላይ አለ።
ስፖንጅ ለየብቻ፦ የጎማው ለጎማ፤
ገመቹን ስቆጣው መንደሩ እስኪሰማ፦
«የመስታወቱን ጨርቅ ለጎማ ካዋልከው
ከደሞዝህ ላይ ነው አዲስ የምገዛው!»

ከአራተኛው ፎቅ ላይ ባለቤት ወረደች፤
ጥቁር ለብሳ ነበር፣ ቁልፉን አቀበለች።
«ሁሉንም አጽዳልኝ፣ መሪውን ብቻ ተው፤
የእጁ ወዝ እዚያ ነው፣ ሌላ የት ላግኘው?»

ስምንት ዓመት ሠራሁ፣ እድፍ አልዘለልኩም፤
ቅባት የጠጣ መሪ አልፌ አላውቅም።
ዛሬ ግን ቆዳው ላይ፣ በግራ በቀኙ፣
የአንድ ሰው መዳፎች ተጋድመው ሲተኙ
አየሁ።
ወንበሩን ጠረግነው፣ ዳሽቦርዱን፣ ጣራውን፤
እንደተኛ ሕፃን አለፍነው መሪውን።

«ሥራው ጎደሎ ነው፣ ሃምሳ ብር ልመልስ»
ብላት፣ በሩን ዘጋች፣ ቀስ አድርጋ፣ ቀስ።

ጻፍኩ፦ «ውስጥና ውጭ፣ ሙሉ። መሪው ሲቀር።»
ሦስት ሰዓት ቱሉ ዲምቱ።
ገመቹ፣ ጨርቁን ቁጠር።