ስለት

ሽምብጥ ነው ቤታችን፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅ፤
እዚህ የተቀመጠ ብረት ሁሉ በርጥበት ያልቅ፣
ሚስማሩም፣ ቆርቆሮውም፣ የበሩም ቁልፍ፣
ጣና ሌሊት ሌሊት ሲልሰው በምላሱ ጫፍ።

ቅዳሜ ጧት ቆራሌው ማዳበሪያውን ዘረገፈ፤ እጄን ሰደድሁ፤
ከማንኪያ ስባሪ፣ ከራዲዮ ሆድ ዕቃ መሀል
ጣቴን አንድ ነገር ነከሰው፤ ነካሹን ይዤ ወጣሁ።
የሚታጠፍ ምላጭ። የድሮ። የቀንድ እጀታው የተሰነጠቀ፣
ዝገቱ እንደ ለምጽ ከጀርባው እስከ አፉ የዘለቀ።
መቶ አለኝ፤ በስድሳ ተስማማን፤
ይርገዱ ከመስኮት፦ «ደግሞ ሌላ በሽተኛ አመጣን!»

እውነቷን ነው። ሦስት ተኝተዋል በጫማ ካርቶን፣
አንዱ እጀታ፣ አንዱ ችንካር ሲጠብቅ ቀን በቀን።
ጡረታ ከወጣሁ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ
እጄ ብረት ካልነካ
ልቤ አይረካ።

አንድ ሌሊት በናፍጣ አሳደርሁት። በጧት በአመድና በሎሚ፣
ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደሚታጠብ ታማሚ።
ዝገት ሲለቅ ውሃው የክረምት ዓባይን ይመስላል፤
ከሥሩ ብረት ሳይሆን መጀመሪያ ጥቁረት ይታያል፤
ከጥቁረቱ ሥር የባዕድ ፊደል፣ ግማሹ የተበላ፣
ከፊደሉም ሥር ንስር ይሁን ዶሮ ያልለየለት አሞራ ጥላ።

ድንጋዬ ከሐይቁ ዳር ነው፣ ታንኳ ሠሪዎች ደንገል ከሚያሰጡበት፣
ማዕበል ስሎ ስሎ ልቡን ካለሰለሰበት።
ጥርስ የለውም፣ ግን ይበላል ቀስ በቀስ፤
ዘይት አይወድም፤ የጣናን ውሃ ነው የሚቀምስ።
ጀርባውንም አፉንም እኩል አስተኝቼ ገፋሁ፤
ገለበጥሁ፤ መለስሁ፤ ቆጠርሁ፤ ረሳሁ።
ጆሮ ነው የሚስለው፣ ዓይን አይደለም፤ ሻካራው ድምፅ ሲቀጥን፣
ሹክ ሲል፣ ከዚያም ዝም ሲል፣
ብረቱ «እንዳሻህ አርገኝ» ማለቱ ነው አሁን።

ግን እምቢ አለ። ተረከዙ በላ፣ ጫፉ አልበላም፤
በፀሐይ ገልብጬ አየሁት፦ ስለቱ ቀጥ ያለ አይደለም።
ባንድ ወገን አልቋል፤ ቀኝ እጅ እንዲህ አይጨርስም፤
ግራኝ ነው የያዘው፣ ሠላሳ ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይሰንፍም።

በዚህ ከተማ ግራኝ ጢም ላጪ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣
ከድሮው ገበያ ጥግ፣ ከሾላው ሥር፣ መስታወቱን በሚስማር የሰቀለው፤
ለሠርጌ ዋዜማ «ዝም በል፣ ምራቅህን አትዋጥ» ያለኝ፣
በቀኙ ጉንጬን ወጥሮ፣ በግራው ከልጅነት ያሻገረኝ።
ጋሽ ቢያድግልኝ! በጾም መያዣ ያረፈው፤
ምላጩን ሲስል ሲስል ኖሮ፣
ደረቱ ሲስል ሲስል የጨረሰው።

ሹም አቦ ሄድሁ። ልጁ ስንሻው ወጣ፤ ጢሙ ፊቱን ውጦታል፤
ከአርባው በፊት ብረት ላያስነካው ተስሏል።
«እናቴ ዕቃውን ማየት ስላልቻለች...» አለና ዋጠ ቀሪውን፤
ከእጄ ወስዶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ጎባጣውን።

ማታውን ዳግመኛ ሳልሁት። ማቃናት እችል ነበር፤ ተውሁት፤
ዘመሙን ካነሣሁ የሚቀረኝ ብረት ብቻ ነው፣ አልሁት።
በግራ እጄ ገፋሁ፣ ፊደል እንደሚጀምር ሕፃን፣
ድንጋዩን ስስት፣ ራሴን ስሰድብ፣ ስጀምር እንደገና።
እጀታው ከወይፈን ቀንድ፣ ችንካሩ ከራዲዮው ሆድ ዕቃ፤
በቀበቶዬ ቆዳ ላይ አመላለስሁት፣ ይርገዱ እስክትነቃ።
ከራሷ አንድ ሽበት ነቅላ ሰጠችኝ፤ ዘረጋሁት አየር ላይ፤
ለሁለት ሆነ። «ዳነ» አለች፣ የወደቀውን ሳታይ።

የአርባው ፍትሐት አልቆ፣ ሰው ከድንኳን ሲበተን፣
ከማንጎው ሥር አስቀመጥሁት፤ አረፋው ፊቱን ሲሸፍን
የማይታዘዝ ግራ እጄ ተንቀጠቀጠ።
«ዝም በል፣ ምራቅህን አትዋጥ» አልሁት፤
ከማን አፍ እንደወጣ እኔም አላወቅሁት።

አንዴ አገጩ ሥር ሳትሁ። ደሙ በአረፋው ላይ ፈለቀ፤
«እሱም ሁሌ እዚህ ጋ ነበር የሚስተኝ» አለና ሳቀ።

አጥፌ ስሰጠው አልተቀበለኝም፦
«እርስዎ ጋ ይሁን፤ እኛ ጋ ይዝጋል፤
በየወሩ እመጣለሁ።
ጢም እንደሆን ይበቅላል።»