የሌሊቱ ጭነት

ሴዱና ላይ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ነፋስ ብረት በሚበላበት፣
አሮጌ ሽቦ፣ አሮጌ ፓኔል፣ አሮጌ ብሎን በምሸጥበት፣
አንድ ማክሰኞ ከሰዓት መጣች፤
ቤት-መኪናዋን፣ ያቺን ገርጣ ነጭ፣ ከደጄ ላይ አቆመች።
ስሟ ኔሪዳ። ስልሳ ሰባት ዓመቷ።
የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነበረች፤ ይመሰክራል ክንዷ።

«ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዶላር አለኝ» አለች ሳትቀመጥ፤
«ከዚህ በላይ ሳንቲም የለኝም፤ ወሬ ጨምረህ አትሽጥ።»
እውነት ለመናገር፣ ወሬ ነው ግማሹ ሸቀጤ፤
ዓይኗን ሳይ ግን ጭልጥ አደረግሁት፣ እንደ መራራ መጠጤ።

«ፀሐይን ለጊዜው ተያት» አልኳት፤ «መጀመሪያ ሌሊቱን ቁጠሪ።
በጨለማ ስንት ትበያለሽ? ከዚያ ስለ ፓኔል ተናገሪ።»
ከጡረታ ደብዳቤዋ ጀርባ ጻፈች፣ ጨው እንደሚመጥን ሰው፦
ማቀዝቀዣው አራት መቶ ሠላሳ ዋት-ሰዓት፣
ማራገቢያው መቶ፣ ያውም ሙቀት ሲጠና፣
መብራቷ ሠላሳ፣ ስልኳ ሃያ።
ደመርን፦ አምስት መቶ ሰማንያ።

«ተገላገልሽ» አልኩ። «ይህ የእርሳስ ባትሪ ይበቃሻል፤
በሁለት መቶ ሃምሳ ብር አይሉት ዶላር፣ እንደ አህያ ችሎ ያገለግልሻል።
ዐመሉ አንድ ነው፦ ከያዘው ግማሹን ብቻ ነው የሚያበላሽ፤
ከዚያ ዝቅ ካልሽ የራሱን ዕድሜ ትበያለሽ።
ሊትየሙ የያዘውን ሁሉ ይሰጣል፤
ግን ስድስት መቶ ያስወጣል።
ላንቺ አያስፈልግም።»

ራሷን ነቀነቀች። ብዕሯ ግን ከወረቀቱ አልተነሣም።
«ሌላ አለ?»
ዝም።
ከታች፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል ጨመረች፦
ሠላሳ ዋት፣ ስምንት ሰዓት።
«ምንድን ነው?» «የትንፋሽ ማሽን።» «ትተኚበታለሽ?»
«የዴዝመንድ ነው።»
በመስኮቱ ወደ መኪናዋ አየሁ፤
የጎኑ ወንበር ላይ የተቀመጠው ካርታ ነው።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለች። «ጭንብሉን አጥቤ ሰቅየዋለሁ፤
ማሽኑን ግን ሌሊት ሌሊት፣ ከትራሱ አጠገብ እከፍተዋለሁ።
ሠላሳ ዓመት ሲያንኮራፋ ረገምኩት፤ ማሽኑ መጥቶ ገላገለኝ፤
አሁን ያ ሹክሹክታ ከሌለ፣ እንቅልፍ ዞር ብሎ አያየኝ።
እቤት ሳለሁ ግድግዳው ነበር የሚሸከመው።
እዚህ ግን… ይቆጠራል?»

ሻጭ ነኝ። ብዙ ሞኝ ጭነት አይቻለሁ፦
የሻምፓኝ ማቀዝቀዣ፣ የውሻ ፀጉር ማድረቂያ፣
አንዱማ ፒያኖ ይዞ መጣ፣ እስከ ነወንበሩ።
በማንም ስቄ አላውቅም።
(ዋሸሁ፤ በፒያኖው ስቄያለሁ።)
እርሳሱን ከጠረጴዛው አወረድኩና እርሳስ አነሣሁ፦
«ይቆጠራል። ሌሊት የሚሠራ ሁሉ ጭነት ነው።»
ስምንት መቶ ሃያ።

ሊትየሙ ስድስት መቶ፣ መቆጣጠሪያው መቶ ሰባ፣
ሽቦና ፊውዙ ሰማንያ፣
ከሰው ጣሪያ የወረዱ፣ ጥጋቸው የተጫረ ሁለት ፓኔሎች፣
እያንዳንዳቸው ሰማንያ።
አንድ ሺህ ዐሥር።
«ልቀንስልሽ?»
«ምጽዋት ብዬ አልመጣሁም። አንዱን ፓኔል መልሰው።»
«በበጋው ይበቃሻል። በብርዱ ወራትስ፣ ፀሐይዋ ጎንበስ ስትል?»
«ወደ ሰሜን ትሸሽ የለ? እኔም እከተላታለሁ፤
ነዳጁን ከጡረታዬ እቆርጣለሁ።»
ሃያ ዶላር መለስኩላት። ቆጥራ ተቀበለች።

ሁለት ቀን ጣሪያዋ ላይ ዋልኩ፤ መሰላሉን ይዛ፣
ብሎን በቁጥር እያቀበለች፣ ሲጎድል እየተቆጣች።
ማታ፣ ለሙከራ፣ ከሱቁ ጓሮ አደረች።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነፋሱ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ወጣሁ።
መኪናዋ ጨለማ ነው፤ ከሹፌሩ መስታወት ጀርባ
አንዲት አረንጓዴ ቁጥር ብቻ፦ ሰባ አንድ።
ከውስጥ ደግሞ፣ ቀጭን፣ ሳይቸኩል፣
የማንም ያልሆነ ትንፋሽ ይገባል፣ ይወጣል።
ሰባ እስኪል ድረስ ቆምኩ።