ያዘመመ ጠረጴዛ

ሐይፋ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ሥዕል፤
ጠረጴዛው ወደ እኔ ያዘመመ፣
ማሰሮው ግማሹ ክብ፣ ግማሹ ማዕዘን፣
አበቦቹ በቢላ ተለስነው
ቀዩ ከመስመሩ አምልጦ ግድግዳ የነካ።

መምህሯ ለልጆቹ «ሠዓሊው በብዙ ዐይን አየ» ትላለች።
እኔ በሁለቱ ዐይኔ ውሃውን ነው የማየው፤
ዛሬ ተደፋ፣ ነገ ተደፋ እያልሁ።

ዐርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣
ፈንታነሽ መወልወያዋን አቁማ ቀና አለች።
ምንም ሳትናገር ባልዲዋን
በእግሯ ገፋ አድርጋ ከሥሩ አቆመችው።
ሳቅሁ። አልሳቀችም።
«ወለሉ የእኔ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ባልዲው ሰንበትን እዚያ ይውላል።
እሑድ ጠዋት በጣቴ ዳስሼ
ደረቅ ሆኖ አገኘዋለሁ።
ቢሆንም፣ አሁን ሌሊት
እንቅልፍ ይወስደኛል።