የግስ እርባታ

ሞተሩን አጥፍቼ፣ ገመዱን ጠምጥሜ፣
ከወደቡ ድንጋይ ላይ ከእናኑ ፊት ቆሜ፣
እኔ ተማሪዋ፣ እሷ መምህሬ፤
«ጉድ ኢቭኒንግ በል፣ አባዬ፤ ከዚህ እንጀምር ዛሬ።»

አዲስ ሎጅ ተከፍቷል በዓባይ መውጫ በኩል፣
ካፒቴን ይፈልጋል፣ እንግሊዝኛ የሚችል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘጌ ስመላለስ
ያለ አንዳች ቃላቸው ነበር ፈረንጅ የማደርስ፤
በጣቴ አሳይቼ፦ ጉማሬ፣ ገዳም፣ ደመና፣
እጄን አወዛውዤ፦ ውረድ፣ ተቀመጥ፣ ና።

የእናኑ ደብተር ከፊቱ ባዮሎጂ፣ ከጀርባው የኔ ነው፤
ኤክስፒሪየንስ ልምድ ነው። ሳላሪ ደሞዝ ነው።
ዴድላይን ላይ ቆምኩ። «የሞት መስመር ነው?» አልኳት።
«አይደለም፣» አለች ስቃ፣ «ሥራ የሚያልቅበት ሰዓት።»
እንደሱ ከሆነማ እኔም አውቀዋለሁ፤
ነሐሴ ማታ፣ ማዕበል ሲነሣ፣ ሁለቴ አይቼዋለሁ።

«ሳንክ ዩ» ስል ምላሴን ነከስኩ። «ከጥርስህ ብቅ ይበል፣» አለች።
ደግሜ ብሞክር ምራቄ ደብተሯ ላይ፤ ጠረገችና ሳቀች።
በኛ ምላስ ማውጣት የባለጌ ወግ ነው፤
እነሱ ለምስጋና ነው ለካ፣ ጉድ እኮ ነው ሰው!
ጠዋት ዓሣ ማራገፊያው ላይ ፔሊካኖች ተሰልፈው
«ሃው አር ዩ» እላቸዋለሁ፤ ያልፉኛል አገጫቸውን ነፍተው።

ከሁሉ የከበደኝ የግሳቸው ጥድፊያ።
በኛ ግስ ሽማግሌ ነው፣ ወንበሩ መጨረሻ፣
ሁሉም ተናግሮ ሲደክም እሱ ፍርዱን ይሰጣል፤
በነሱ ገና «አይ» ከማለቴ ዘልሎ ይመጣል፣
ጀልባው ሳይጠጋ እንደሚዘል መንገደኛ፤
«ቆይ እንጂ!» ልለው ይዳዳኛል፣ «ትሰጥማለህ፣ ጓደኛ።»

አንድ ማታ ገጹን ገልጣ፣ ድምጿን እንደ አለቃ አወፍራ፣
«ዋት ኢዝ ዩር ዊክነስ?» አለችኝ። ድክመትህን አውራ።
ዝም አልኩ።
«መልሱ እኮ ተጽፏል፣ ይሄው አንብበው፦
ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ፣ ዕረፍት አለማወቄ ነው።»
«ይሄማ ጉራ ነው፣» አልኳት። «ነው፤ ግን ያ ነው ወጉ።»
እንቁራሪቶቹ ከደንገሉ ሥር የኔን ገመና አወጉ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። የስንሻውን ኮት ተውሼ፣
ጫማዬን ሁለቴ ጠርጌ፣ ከመስታወት ጠረጴዛ ፊት ደርሼ፣
ሰላምታው አለፈ፣ ልምዴም አለፈ፣ ሳንክ ዩም ከጥርሴ ወጣ።
ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች፤ የተጻፈው መልስ ታጣ።
«አይ ካንት ስዊም፣» አልኩ።
ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኳትን!
ማንም አላስጠናኝም፤ ከየገጹ ቃል ለቅሜ
እንደ ደንገል ነዶ አስሬ የሠራኋት እኔው ነኝ፣ ደክሜ።
የመጀመሪያዋ እውነት ናት በሰው ቋንቋ የተናገርኩት፤
ግሱም ዘልሎ አላመለጠኝ፤ በአየር ላይ ያዝኩት።

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። አልሳቀችም።
ሰውየው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ አላሳየኝም።
ሁለቱም ተነሡና «ዊ ዊል ኮል ዩ፣» አሉኝ።
ይህቺ ደብተር ላይ የለችም። እጄን ጨብጠው ሸኙኝ።

እናኑ ትንሽ ቆየች። «እንጠራሃለን ማለት ነው።»
በኛ ሰው ወይ ለሰርግ ይጠራል፣ ወይ ጌታ ሲጠራው ነው፤
የነሱ ከየትኛው እንደሁ እሷም አላወቀችው።
ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ ከደረት ኪሴ አኖርኩ፤
ባትሪውን ስንቴ አየሁ፣ ስንት እሑድ ቆጠርኩ።

እንቦጩ ከተነቀለበት፣ ውሃው ከሚሳሳበት ዳር፣
ማታ ማታ ሰው ሲያልቅ እንወርዳለን፣ ከእናኑ ጋር።
እሷ ትችላለች፣ እንደ ዓሣ። «መቼ ተማርሽ?» ብላት
አልሰማችም መሰለኝ፤ የሷም ምስጢር ይሁንላት።
ድንጋይ ላይ ቁማ ግስ ታረባልኛለች፦
«ስዊም ዛሬ ነው። ስዋም ትናንት፣» ትላለች።
ትናንትማ የለኝም፣ ልጄ። እስከ ደረቴ ገብቻለሁ።
ውሃው ይበርዳል። «ስዊም፣» እላለሁ። አንድ እግሬን አነሣለሁ።